የጽሕፈት ቤቱ ስህተት

ክቡር የማኅበራችን ፕሬዚዳንት፣ ክቡራትና ክቡራን አርክቴክቶች፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ የምትሰሙኝ እህቶቼም፤

ስለ ምሳው አመሰግናለሁ። ስለ አበባውም አመሰግናለሁ። ስለ ስጦታውም እንዲሁ፤ እሱን ግን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አርክቴክት ሌሞስ ቅድም ሲያስተዋውቁኝ "ኦዴት የማኅበራችን ምሰሶ ነች" አሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከአርክቴክቶች ጋር ስሠራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ምሰሶ ማለት ፕላኑን ዘርግታችሁ ስታዩ ሁላችሁም "ይሄ ነገር እዚህ ባይኖር እንዴት ባማረ ነበር" የምትሉት ነገር ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። ምሳው ገና አልቀረበም፤ በሳቅ ጀምሩ።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በየጠረጴዛችሁ መሀል አንድ አንድ ጣሳ ተቀምጦላችኋል፤ ላዩ ላይ ምንም የሌለበት፣ ብር የመሰለ ጣሳ። እዚያ ጥግ ያላችሁት ጌጥ መስሏችሁ ሻማ ልታቆሙበት ስትታገሉ አይቻለሁ። ተዉት፣ ጌጥ አይደለም። ተራው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ማኅበር የገባሁት በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያኔ ቢሯችን ከፋርማሲው በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ዝናብ ሲጥል ባልዲ የምንደቅነው እኔና አንድ ድመት ነበርን፤ ድመቷ ትቆጣጠራለች፣ እኔ እደቅናለሁ። የሕንፃ ባለሙያዎች ማኅበር ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ለሰው መናገር ነውር ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ባልዲውን የዣንጥላ ማስቀመጫ ነው እላለሁ። ውሸትን የጀመርኩት በዚያ ነው። ለእናንተ ብዬ።

ከዚያ ወደዚህ ሕንፃ መጣን። ድሮ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ የነበረውን አርክቴክት ሌሞስ አሳድሰው፣ ተሸልመውበት፣ ይኸው አዳራሽ ሆነ። ቆንጆ ነው፤ አልክድም። ግን እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ እንደምታውቁ አላውቅም፤ እዚያ የወይን ብርጭቆ የተደረደረበት ባንኮኒ ጋ፣ እናቴ ዴልፊና ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ ሠርታለች። ሥራዋ ጣሳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ነበር። በግራ እጇ ጣሳ፣ በቀኝ እጇ የሙጫ ብሩሽ። ሰርዲን ከሆነ የሰርዲን ወረቀት፣ ቱና ከሆነ የቱና። ተጣሞ ከተለጠፈ ኃላፊው አስልጦ እንደገና ያስለጥፋት ነበር።

ልጅ ሆኜ፣ "እማዬ፣ ቢጣመም ምን አለበት? ሰው የሚበላው ውስጡን ነው" ብያት አውቃለሁ።

"ሰውየው ምን እንደሚበላ ማወቅ አለበት እንጂ" አለችኝ። በቃ ይህን ብቻ። ልታስተምረኝ ብላ አይደለም፤ እግሯን እያመማት ነበር፣ ቶሎ ዝም እንድልላት ነው።

ይህን ያዙልኝ። አሁን ወደ አምናው ኅዳር ልውሰዳችሁ።

እንደምታውቁት ማኅበራችን በየዓመቱ ኅዳር ላይ የታሸገ ምግብ ያዋጣል። አባላት ከየቤታቸው፣ ከየሱቁ ያመጣሉ፤ እኔ በካርቶን አሽጌ ወደብ መንገድ ላይ ላለው የምግብ ባንክ አስረክባለሁ። የምግብ ባንኩን የምትመራው ኢዳሊና ነች። አንድ ክፍል ተምረን አንድ ዓመት አብረን የወደቅን ጓደኛዬ ነች። ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ማክሰኞና ዓርብ እሷ ጋ ይሄዳል፤ ስሙን ይናገራል፤ ከረጢቱን ተቀብሎ ይመለሳል። ለገና ሳምንት የሚሆናትን የምትሞላው በእኛ ካርቶኖች ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠራን። ማንም ፎቶ አላነሳንም፤ ማንም አልራበም።

አምና አርክቴክት ሌሞስ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቆመው፣ "ካርቶን ማድረስ የፖስታ ቤት ሥራ ነው። እኛ ባለሙያዎች ነን፤ በጣሳዎቹ አንድ ነገር እንገንባ፣ ሕዝብ ይየው፣ ከዚያ እንስጥ" አሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔም አጨብጭቤያለሁ። የወደባችንን መብራት ማማ በጣሳ ሊሠሩ ተስማሙ፤ ቁመቱ እስከዚህ ጣሪያ ድረስ።

ጣሳው ተሰበሰበ። ሦስት ሺህ ገደማ። መደርደር ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን አርክቴክት ሌሞስ መጡ፤ ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት፤ ፊታቸው ተቀየረ።

"ይሄ ምንድን ነው? ቀይ ቲማቲም፣ አረንጓዴ አተር፣ እዚህ ጋ ደግሞ የምትስቅ ላም! ገበያ እንጂ ሕንፃ ነው ይሄ? ወረቀቱን አንሱልኝ። ቁሱ ራሱ ይናገር።"

ቁሱ ራሱ ይናገር! ጌቶቼ፣ ይህን የሚል ሌላ ሙያ አለ? ዳቦ ጋጋሪ ይለዋል? ሐኪም ይለዋል? ሐኪም የመድኃኒት ብልቃጦቹን ወረቀት ልጦ "አቤት ሲያምሩ" ቢል እስር ቤት ነው የምትከቱት። እናንተ ግን እዚያው ቆማችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። አንዱ እንዲያውም "እውነት ነው፣ ቀለሙ ቅርፁን ይገድለዋል" አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጠረጴዛ አራት ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ ነው።

እኔ ጠየቅሁ። ይመዝገብልኝ፣ ጠይቄያለሁ። "አርክቴክት ሌሞስ፣ ወረቀቱ ከተነሳ ውስጡ ምን እንዳለ በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው።

እሳቸውም ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ "ኦዴት፣ ጣሳ እኮ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ይታያል!" አሉኝ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እሳቸው ያሉት አይደለም፤ እሳቸው ያዩት ማማውን ነው። እኔ የዴልፊና ልጅ ሆኜ፣ እናቴ በቆመችበት ቦታ ቆሜ፣ ሳቅሁ። ስቄም ዝም አላልኩም፤ ገንዳዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለብ ያለውን ውኃ የሞላሁት እኔ ነኝ። ስፖንጅ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ከእናንተ ጋር ላጥኩ። ውኃው ሙጫ ሙጫ መሽተት ሲጀምር፣ እናቴ ማታ ቤት ስትገባ የምትሸተው ያ ሽታ ነበር። ልቤ ነገረኝ፤ እጄ ግን መላጡን አላቆመም። ሃያ ሁለት ዓመት የለጠፈችውን በሁለት ቀን የላጥኩት መሰለኝ።

ማማው ተሠራ። አማረ! ከንቲባው መጣ፤ ጋዜጣው ጻፈ፤ ከሌላ ከተማ ሳይቀር አውቶቡስ ተከራይተው መጥተው አዩት። ሁለት ሳምንት ከቆመ በኋላ ፈርሶ ለኢዳሊና ተላከ።

በማግሥቱ ስልክ ደወለች።

"ኦዴት፣ ይሄ የላክሽልኝ ምንድን ነው?"

"ጣሳ ነው" አልኳት።

"እሱማ ዓይን አለኝ። ውስጡ ምንድን ነው?"

"ያው... ሽምብራ አለ፣ ቱና አለ፣ በስኳር ውኃ የታሸገ ኮክም..."

"የትኛው ነው ኮኩ? ስኳር ያለባቸው ሰባት ሰዎች አሉኝ። ዓሣ ከቀመሰች ጉሮሮዋ የሚዘጋ ሴትዮ አለችኝ። ጆሮዬ ላይ እያንኳኳሁ ልለይ? ደንቡስ ቢሆን ስም የሌለው ምግብ ለሰው አድል ይላል? አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?"

አላበድኩም። አርክቴክቶች ጋ ነው የምሠራው።

እንግዲህ የገና ሳምንት ነው፣ መደርደሪያው ላይ ሦስት ሺህ ጣሳ አለ፣ የሚታደል ምግብ ግን የለም። ኢዳሊና ላይ ታች ብላ ከየሱቁ ጥቂት ሩዝና ፓስታ ለመነች። ለግማሹ ሰው ደረሰ፤ ግማሹን "ከበዓሉ በኋላ ተመለሱ" ብላ ሸኘች። እኔ በዚያ ዓርብ ከቤቴ ያገኘሁትን በሁለት ከረጢት ይዤ ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅም፣ ለመታየትም። መስመሩ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው?

ሴኞር ኩስቶዲዮን።

ወጣቶቹ አታውቁትም። ትልልቆቹ ግን ቀና በሉ፣ ታውቁታላችሁ። ኩስቶዲዮ ድራፍትስማን ነበር። አርባ ዓመት የእናንተን ሐሳብ በቀለምና በማስመሪያ ወረቀት ላይ ያሳረፈ ሰው ነው። በየመጽሔቱ የወጡት ደረጃዎቻችሁ አሉ አይደል? የሣላቸው እሱ ነው። አርክቴክት ሌሞስ፣ የዚህ አዳራሽ ደረጃ ፕላን ላይ ያለው እጅ የማን ነው? ኮምፒዩተር ሲመጣ ሁላችሁም በጥሩ ቃል አሰናበታችሁት። እሱም ምሳ ተጋብዞ ነበር።

ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የተመኘሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አልነበረም።

ያን ቀን ኢዳሊናን፣ "እነዚያን ብልጭ ብልጭ የሚሉትን ስጪኝ" አላት።

"አልሰጥህም፣ ደንብ አለ" አለችው።

"እኔ እኮ ዓሣም ኮክም ይስማማኛል፤ ደንቡን ለሚያመው አድርጊው" አላት። አንጀቷን በላው መሰለኝ፣ ስድስት ጣሳ በራሷ ኃላፊነት ሰጠችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፌርማታ ላይ አገኘሁትና ጠየቅሁት። "እሺ፣ ምን ምን ወጣልህ?"

"ሎተሪ ነው ኦዴት!" ብሎ ሳቀ። "ቅዳሜ ኮክ ደረሰኝ። እሑድም ኮክ። ለገና ዕለት የሆነ ሥጋ ነገር ይወጣልኛል ብዬ ትልቁን አቆይቼ ነበር።"

"እና ወጣልህ?"

"ወጣልኝ። ሥጋ ነው። ሽታው ትንሽ ለየት ይላል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ አሙቄው ድንች ቀቅዬበት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። የድመት ምግብ ነው።"

ከእናንተ አንዱ ከቤቱ ሲያመጣ ተሳስቶ ቀላቅሎት ይሆናል። ያጋጥማል። ወረቀቱ ላዩ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔ ካርቶን ውስጥ ሳስገባ አይቼ በሳቅኩና ባወጣሁት።

ደንግጬ የማይረባ ነገር አፌ ላይ መጣ። "ውይ፣ እንኳንም ድመት ኖረህ" አልኩት።

"የለኝም" አለኝ።

አውቶቡሱ መጣ። ገባ። እኔ አልገባሁም፤ ሦስት አውቶቡስ አሳለፍኩ።

አሁን ማንም አልሳቀም። እኔም ያን ቀን እንዲህ ነበርኩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ይቅር ባልኩ። ስህተት የሰው ነው። ጥር ላይ ኢዳሊና ጣሳዎቹን በሦስት መኪና መለሰችልን፤ "ማብራሪያ ይሰጠኝ" የሚል ደብዳቤም ጨመረች። አርክቴክት ሌሞስ ጠሩኝ። "ተቀመጪ፣ ጻፊ" አሉኝ፤ እየተንጎራደዱ አስጻፉኝ። "በጽሕፈት ቤቱ ስህተት የጣሳዎቹ መለያ ወረቀት በመነሳቱ ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።"

ጽሕፈት ቤቱ ማን ነው? እዚህ ቤት ጽሕፈት ቤት የሚባለው እኔና የፎቶኮፒ ማሽኑ ነን። ማሽኑ ደግሞ ያን ሰሞን ተበላሽቶ ነበር።

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ተየብኩት። በራሴ ጣት ራሴን ከሰስኩ። ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አስተካከልኩ! አትሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ እኔው ፖስታ ቤት ወሰድኩት። አርክቴክት ሌሞስ ሲፈርሙበት እንኳ ጠረጴዛቸው ላይ ብዕር አጥተው የእኔን ተውሰው ነው የፈረሙት። የዓመቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ "ማኅበራችን ለችግረኛ ቤተሰቦች የገና ማዕድ አቀረበ" ይላል። ከጎኑ የማማው ፎቶ አለ። ሪፖርቱንም የተየብኩት እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ሆዴም ፈጀው፣ እኔንም ጨምሮ።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ "ማዕበል" ነው። ደግሞ በጣሳ፣ ደግሞ ብልጭ ብልጭ የሚል። የዚህ ወር መጀመሪያ ላይ አርክቴክት ሌሞስ ቢሮ ገባሁ። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እባክዎ የአምናው እንዳይደገም፤ ወረቀቱ ይቆይ" አልኳቸው።

"ኦዴት፣ አንቺ እኮ ጡረታ ልትወጪ ነው። አታስቢ፣ ዕረፊ። ዘንድሮ ከሥሩ በማርከር እንጽፍበታለን" አሉ።

"ማን ይጽፋል?"

"ጽሕፈት ቤቱ" አሉኝ።

ገንዳዎቹ ለሰኞ ተዘጋጅተው ምድር ቤት ተቀምጠዋል። እኔ ዛሬ ዓርብ እሰናበታለሁ። ሰኞ እናንተ ልትልጡ። አይደል?

ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት፣ እናንተ ክራቫት ስትመርጡ፣ ኢዳሊና መኪናዎቿን ይዛ መጣች። በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት እህቶች አሸከሙን፤ እግዜር ይስጣቸው። ዘንድሮ ያዋጣችሁት ጣሳ በሙሉ፣ ቀይ ቲማቲሙም፣ አረንጓዴ አተሩም፣ የምትስቀዋ ላምም፣ ከነወረቀቱ ወደብ መንገድ፣ ኢዳሊና ጋ ነው። አንዱ ወንድማችን አሁንም የድመት ምግብ አዋጥቶ ነበር፤ አውጥቼ ቢሮው በር ላይ አስቀምጬለታለሁ። የርክክቡን ሰነድ ፈርሜያለሁ፣ ማኅተም መትቻለሁ። የሠላሳ ሦስት ዓመቴ የመጨረሻ ወረቀት እሱ ነው፤ አንዲት ጥፋት የለበትም።

አርክቴክት ሌሞስ፣ አይነሱ፣ ይቀመጡ። ስልኩንም ይተዉት፣ ኢዳሊና አታነሳም፤ ዓርብ ነው፣ እያደለች ነው። ለሚመለከተው ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ከፈለጉ "በጽሕፈት ቤቱ ስህተት" ብለው ይጻፉ። አምና ውሸት ነበር። ዘንድሮ እውነት ነው። ብዕሬን ደግሞ ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎታለሁ።

ማዕበሉን መሥራት ከፈለጋችሁ ምንም አልጎደለባችሁም። የአምናዎቹ ሦስት ሺህ ጣሳዎች ምድር ቤት አሉ፤ ተልጠው፣ ታጥበው፣ አብረቅርቀው። ስትፈልጉ ማማ፣ ስትፈልጉ ማዕበል። ማንም አይበላቸው፣ በየዓመቱ አፍርሳችሁ ሥሯቸው።

ስጦታው! ረስቼው። የማማውን ፎቶ በትልቁ አሳጥባችሁ፣ ፍሬም አስገብታችሁ ሰጣችሁኝ። ከልቤ ነው የምለው፣ እሰቅለዋለሁ። በየቀኑ ላየው ይገባኛል። እኔም ከላጮቹ አንዷ ነኝና።

አሁን የምርቃቱ ሰዓት ነው። እጃችሁን ዘርጉ አልልም፣ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ።

እህቶቼ፣ የወጥ ቤቶቹ፣ እግራችሁን አያሳምማችሁ። የምታርፉበት ወንበር፣ የሚያመሰግናችሁ አፍ አይጥፋባችሁ። ወጣት አርክቴክቶች፣ የምትሠሩት ቤት ይሙቅ፤ ሲጠይቋችሁ የማትስቁ ሁኑ፤ ሰው ሲስቅም ዝም ማለት ይሁንላችሁ፣ እኔ ያልሆነልኝ እሱ ነው። ትልልቆቹ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ስትጦሩ ማክሰኞና ዓርብ መስመር ላይ ከመቆም ይሰውራችሁ፤ ከቆማችሁም፣ የሚሰጣችሁ ሰው የምግቡ ስም የተጻፈበትን ጣሳ ይስጣችሁ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ለእርስዎም ከልቤ ረጅም ዕድሜ። ብዙ ይገንቡ።

አሁን ምሳው ይጀመራል። ዋናው ባካልያው የምንለው ጨው የጠጣ ደረቅ ዓሣ ነው፣ በክሬም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ቀምሼዋለሁ፣ ግሩም ነው። ከዚያ በፊት ግን መቅመሻው ፊታችሁ አለ። ለየጠረጴዛው አንድ ጣሳ። በራሴ እጅ የላጥኳቸው ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው።

ምነው? ማንም አይጀምርም?

አርክቴክት ሌሞስ፣ ምን አሉኝ? "ውስጡ ምንድን ነው?"

ጣሳ እኮ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ይታያል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መክፈቻው ከሹካው ጎን ነው።